የሊድ መመርመሪያ ጥጥ፦ ለልጆች መጫወቻ ምን ያህል ይታመናል?

ባለጥጥ የሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) መመርመሪያ «አለ» ሲል እመኑት፤ «የለም» ሲል ግን ገና አልተፈተሸም ብላችሁ ቁጠሩት። ወላጅ ይህን ዕቃ የሚገዛው «ንጹሕ ነው» የሚለውን መልስ ለማግኘት ነው፤ ዕቃው በደንብ የማይችለውም ይህንኑ ነው።

ለመጫወቻ የሚሻለው ሮዲዞኔት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ጥጥ ነው። ሊድ ሲያገኝ ከቢጫነት ወደ ሮዝ ወይም ቀይ ይለወጣል። በሶዲየም ሰልፋይድ የሚሠራው ዓይነት ሲጠቁር ነው ሊድን የሚያሳየው፤ ነገር ግን ሌሎች ብረቶችም ያጠቁሩታል፣ በጥቁር መጫወቻ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይነበብም።

ዋናው ችግር የሚያየው መጠን ነው። የአሜሪካ ሕግ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ የሚፈቅደው ሊድ በኪሎ ግራም 90 ሚሊግራም፣ ልጁ ሊነካው በሚችለው ሌላ ክፍል ውስጥ ደግሞ 100 ሚሊግራም ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዲህ ላሉ ጥጦች እውቅና የሰጠው ለአሮጌ ቤት ቀለም ሲሆን፣ መለኪያው በኪሎ ግራም 5,000 ሚሊግራም ነው። በሁለቱ መካከል ያለ ቀለም ከሕጉ በብዙ እጥፍ አልፎም ጥጡን ላያቀላው ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 በገበያ ላይ የነበሩትን መመርመሪያዎች ሲፈትሽ፣ ከ104 ውጤቶች 56ቱ ሊድ እያለ «የለም» ያሉ ነበሩ። ሳይኖር «አለ» ያሉት 2 ብቻ ናቸው።

አሠራሩ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ ውጤቱን በእጅጉ ይለውጠዋል። ልጁን ከክፍሉ አስወጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ወረቀት አንጥፉ። መጫወቻውን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ ልጁ የሚነክሰውን ጠርዝ ወይም ቀለሙ የተላላጠበትን ቦታ ምረጡ። ላይ ላዩን መፈተግ አይበቃም፤ አሮጌ መጫወቻ በላዩ ሌላ ቀለም ተደርቦበት ከሆነ ሊዱ ከሥር ነው የሚደበቀው። በምላጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጡ፤ እንጨቱ ወይም ብረቱ እስኪታይ ድረስ እያንዳንዱ የቀለም ድርብ መገለጥ አለበት። ወደ ሌላ መጫወቻ ከማለፋችሁ በፊት ምላጩን በደንብ ጥረጉት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ሊድ ተሻግሮ ሁለተኛውን ያስወነጅለዋል።

አንዳንዱ ጥጥ በውስጡ ያሉትን ሁለት ብልቃጦች ጨፍልቆ፣ ነቅንቆ፣ ቢጫው ፈሳሽ ጫፉ ላይ እስኪወጣ መጭመቅን ይጠይቃል። ሌላው ውሃ ወይም አቼቶ ውስጥ ይነከራል፤ በየትኛው እንደሚነከር የራሱን መመሪያ ተከተሉ እንጂ አትቀያይሩ። የተዘጋጀ ጥጥ ቶሎ ስለሚደክም ወዲያውኑ ጭረቱ ላይ 30 ሰከንድ ፈትጉት። አንድ ጥጥ ለአንድ ቦታ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ከጥጡ ጋር በሚመጣው ማረጋገጫ ካርድ መፈተሽ ነው። ካርዱ ላይ ሊድ ያለበት ነጥብ አለ፤ መጫወቻው ላይ ያልቀላውን ጥጥ በዚያ ነጥብ ላይ አሹት። ከቀላ ጥጡ ሠርቷል። ካልቀላ ወይ ጥጡ ተበላሽቷል ወይ ከመጫወቻው የተነሳ ነገር፣ ለምሳሌ የጂፕሰም ብናኝ፣ አፍኖታል፤ ውጤቱ አይቆጠርም። ካርድ የሌለው ኪት (የመመርመሪያ ጥቅል) አይገዛ። ካርዱ ራሱ ሊድ ያለበት ስለሆነ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ቀለሞችም ያሳስታሉ። ቀይ መጫወቻ ቀለሙን ለቆ ጥጡን ሊያቀላው ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ መርማሪ ንጥረ ነገር በሌለው እርጥብ ጥጥ ፈትጉት፤ እሱም ከቀላ በዚህ መንገድ መመርመር አይቻልም። ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ ክሮሜት ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ፣ ጥጡን ወዲያው አትጣሉት፤ ከሰዓታት በኋላ ደግማችሁ እዩት። ባሪየም የተባለ ሌላ ብረት ጥጡን ብርቱካናማ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን ከሮዝ ጋር አታምታቱ።

ፕላስቲክ ላይ ግን ይህን ጥጥ አንመክርም። ፒቪሲ በተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ሊድ ማረጋጊያ (ፕላስቲኩ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመር) ሆኖ ሲገባ ከአካሉ ጋር ተዋህዶ ስለሚቀመጥ ጥጡ አያገኘውም። ፀሐይና ዕድሜ ፕላስቲኩን ሲያፈርሱት ግን ሊዱ በብናኝ መልክ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም ወደ ልጁ እጅና አፍ። እንዲህ ላለው ዕቃ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ (በኤክስሬይ ጨረር ብረቶችን የሚለይ) ያለው ባለሙያ ወይም ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው መጫወቻውን ሳይጎዳ በአጭር ጊዜ ያነባል።

በርካሽ የብረት ጌጣ ጌጥ ላይ ደግሞ ጥጡ ጥሩ ጥቅም አለው፣ የላዩ ቅብ እስኪነሳ ከተፋቀ። ጌጥ የሚያሰጋው ስለሚዋጥ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ከአምባር ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ የብረት ጌጥ የዋጠ የ4 ዓመት ልጅ ሞቷል፤ ጌጡ ሲመረመር 99 በመቶው ሊድ ነበር። ልጅ ጌጥ መዋጡ ከተጠረጠረ ጥጥ አይፈለግም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ ያረጀ፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት ወይም የብረት መጫወቻ ላለው ቤት ኪቱ ይገዛ። የፕላስቲክ መጫወቻ ብቻ ላለው ገንዘቡ ባይባክን ይሻላል።

ጥጡ ከቀላ መጫወቻውን በፌስታል አስራችሁ አስወግዱ፤ ለሌላ ልጅ አይሰጥ። ሊዱን ለማውጣት ብላችሁ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ከመጫወቻው የባሰ ነው። የነበረበትን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ ደረቁን አትጥረጉ። ልጁም የደም ምርመራ ያድርግ፤ ጉዳት የማያደርስ የሊድ መጠን አልተገኘም፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ክትትል የሚጀምርበት ቁጥር በዴሲ ሊትር ደም 3.5 ማይክሮ ግራም ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ከደም ሥር በሚወሰድ ደም ይረጋገጣል፤ ጣት ላይ ያለ ብናኝ ናሙናው ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ሊያንረው ይችላልና። ጣቱ ከመወጋቱ በፊት የልጁ እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የአልኮል ጄል ሊድን አያነሳም።