ያገለገለ ካምፐር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የፍሪጁን ጀርባ ሳታስከፍቱ እንዳትፈርሙ

ይህን የምጽፈው አንጀቴ እያረረ ነው። ትናንት ከሰዓት ካምፐሩን ከሸጠልን ዲለር ግቢ ከወጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ካሮላይና ካላችሁ ወገኖች ብዙዎቻችሁ ዘንድሮ ካምፐር፣ ያ በመኪና የሚጎተተውን አልጋና ማብሰያ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት፣ እያያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ለአምስትና ስድስት ሰው ሆቴል መያዝ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ስለምናውቅ ሐሳቡ የሁላችንም ነው። እናንተ ሳትፈርሙ ይድረሳችሁ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

የሻጩን ስም ያስገባሁት አቤቱታ እስኪያልቅ አልጠራም፣ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በር ላይ እጁን ዘርግቶ "ማይ ፍሬንድ" ብሎ የሚቀበል፣ ኢትዮጵያ ስትሉት ቡናችሁን የሚያደንቅ፣ ለልጆቹ ከረሜላ የሚያድል፣ አልጋውን፣ ሻወሩን፣ ቴሌቪዥኑን ሲያሳይ የማይቸኩል፣ ወረቀቱ ጋ ሲደረስ ግን "እዚህ ጋ ፈርም፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ" እያለ እጁ የሚፈጥን።

የገዛነው ሚያዝያ ላይ ነው። 14,500 ዶላር፣ ግማሹ ከእቁብ የወጣ፣ ግማሹ በብድር። የርክክቡ ዕለት ሻጩ ፍሪጁን ሲከፍትልን ፍሪዘሩ ውስጥ ሁለት ከረጢት በረዶ ነበር። "ለመንገዳችሁ ብዬ ነው፣ የቤቱ ስጦታ" አለ። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችው ቴርሞሜትር 36 ፋራናይት ታሳያለች። ባለቤቴ እጇን አስገብታ ዳሰሰችው፣ ይቀዘቅዛል። ውጪው ራሱ በብርድ ጃኬት በሚያስለብስበት ቀን፣ በረዶ የታጨቀበት ሳጥን እንዴት አይቀዘቅዝ? ያን በረዶ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው ዛሬ ገብቶኛል።

የካምፐር ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ አይደለም። ለእኛ የሸጡልን ዓይነት ኮምፕረሰር፣ ማለትም የቤት ፍሪጅን የሚያሠራው ሞተር፣ የለውም። ከጀርባው በታሸጉ ቱቦዎች ውስጥ አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጂን አለ። ከታች ትንሽ የጋዝ ነበልባል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ድብልቅ ያፈላዋል፣ አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዚያ ፍሪጁ ውስጥ ባለው ክፍል እንደገና ሲተን የምግቡን ሙቀት ይስባል። በእሳት ነው የሚያቀዘቅዘው። ድምፅ የለውም፣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ከሙቅ ተነስቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ካምፐሩ አጋድሎ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ከሠራ ፈሳሹ በትክክል አይመለስም፣ ታች ያለው ክፍል ከልክ በላይ ይግላል። ቱቦውን ከዝገት እንዲጠብቅ የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት የሚባል ኬሚካልም ይጋገርና መተላለፊያውን ይደፍናል። ያ ከሆነ ሙሉው የማቀዝቀዣ ክፍል ይቀየራል እንጂ በጥገና አይመለስም። ቱቦው ሲሰነጠቅ ደግሞ አሞኒያው ይሸታል፣ ክሮሜቱ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ውጪ ይቀራል። ከካምፐር ንግድ እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ምልክት ሳያውቅ አንድ ቀን አያድርም።

ጉዞው ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ለዓመታዊው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ስኳር አለባት፣ የሦስት ወር ኢንሱሊኗን ይዛ ነው የመጣችው፣ እዚህ ኢንሹራንስ የላትም። ከበዓሉ በኋላ እህቴ ጋ ስለምትቆይ መድኃኒቱን በሙሉ ይዘን ወጣን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ36 እስከ 46 ፋራናይት ባለው ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት ሐኪሟ አስጠንቅቋታል፣ ምግብ ደግሞ ከ40 በላይ መሆን የለበትም። ከመውጣታችን በፊት ባለው ሌሊት ፍሪጁን ቤት ደጃፍ ላይ በኤሌክትሪክ አሳደርነው፣ ጠዋት ልክ 40 ላይ ነበር። ባለቤቴ ዶሮውን፣ ለክትፎ የተዘጋጀውን ሥጋ፣ የሐዋርያትን ጾም ለምትጾመው ለእማዬ ደግሞ ምስሩንና ጎመኑን ለብቻ አዘጋጅታ ደረደረች። ሁለት ቀን ሙሉ ከምድጃ አልተነሳችም።

ኢንተርስቴት 85ን ይዘን ወደ ደቡብ ስንወርድ ሙቀቱ ከ90 አልፏል፣ ፍሪጁ በጋዝ እየሠራ ነው። ማታ ካምፕ ደርሰን፣ በውኃ ልክ ለክተን ቀጥ አድርገን አቆምነው። ቴርሞሜትሯ 51 አለች። መንገድ ላይ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል አልን። ጠዋት 63 ነበር። ባለቤቴ ቴርሞሜትሯን ከማየቷ በፊት ነው ያወቀችው። የዶሮውን ዕቃ ስትከፍት ቅቤው አልረጋም፣ ማንኪያ ሲነካው ይንሸራተታል። የእማዬ ምስር ጠርዙ ላይ አረፋ አውጥቷል። የክትፎው ሥጋ ሽታው ተለውጧል። ከፍሪጁ ጎን ደግሞ አፍንጫና ዓይን የሚቆጠቁጥ ሌላ ሽታ ነበር፣ እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና "ምንድን ነው እንዲህ የሚሰነፍጠው?" ትላለች። ምግቡን በሙሉ ጣልነው። ባለቤቴ ቆሻሻ መጣያው ጋ ስትደፋው አላለቀሰችም፣ ግን ያን ቀን ሙሉ አልተናገረችም። የእማዬን መድኃኒት ለፋርማሲስት አሳየን። የሷ ዓይነት ኢንሱሊን አንዴ ከቅዝቃዜ ከወጣ የሚያገለግለው 28 ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይጣላል አሉን። የሦስት ወሩ መድኃኒት እንዲህ ሆኖ የአንድ ወር ሆነ።

ትናንት ካምፐሩን ጎትቼ ወሰድኩት። ባለቤቴም አብራኝ ነበረች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል "ቀጥ ብሎ ነው ያቆምከው?" አለችኝ። አዎ ስላት ሰዓት አስጠበቀችኝ። በመጨረሻ የሰርቪሱ ኃላፊ መጣ። በሩን ከፍቶ ገባ፣ ፍሪጁ ጋ ቆመ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ ምን አላት መሰላችሁ? "ይሄ ሽታ ከምግባችሁ ነው። እናንተ የምታበስሉት ቅመም ከባድ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ይገባል።" ቤታችን ገብተው በርበሬያችንን ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች፣ የተሰነጠቀ ቱቦ የሚያፈሰውን አሞኒያ ለባለቤቴ ወጥ ሰጡት። ባለቤቴ ፊቷ ቀላ፣ ቃል አልወጣትም። እኔ ጀርባውን ክፈቱልኝ አልኩ። "አያስፈልግም" አለ። ካልተከፈተ ከዚህ አልንቀሳቀስም አልኩት። ሰው ማየት ሲጀምር አንድ ወጣት ሜካኒክ ጠራ።

ይህችን ደቂቃ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አያታለሁ። ልጁ ከውጪ በኩል የታችኛውን መዝጊያ ሁለት ቁልፎች በሳንቲም አዞረና አወጣው። የእጅ ባትሪውን አበራ። ከነበልባሉ በላይ ያለው ቱቦ መታጠፊያው ላይ ቢጫ ነው። ከፊት ያለው ክፍል በጨርቅ ተጠርጓል፣ የጨርቁ ሰረዝ በግልጽ ይታያል። ከኋላ እጅ የማይደርስበት ግን ቢጫው ዱቄት እንዳለ ተቀምጧል። ልጁ "አትንኩት" አለን፣ ወደ ኋላም አለ። ቀጥሎ ባትሪውን ወደ ጎን ሲያዞረው ሽቦው ላይ በላስቲክ የታሰረ ካርድ ተንጠልጥሏል። የራሳቸው የሰርቪስ ካርድ ነው፣ የቤቱ አርማ አለበት። ልጁ ሳያስበው ጮክ ብሎ አነበበው። የማቀዝቀዣው ክፍል ያፈሳል፣ ደንበኛው በዋጋው ምክንያት አላስቀየረም ይላል። ቀኑ የካቲት ነው። እኛ ከመግዛታችን በፊት! የፊተኛው ባለቤት እነሱ ጋ አምጥቶት፣ እነሱ አይተውት፣ ጽፈውበት፣ ከዚያ በልውውጥ ተረክበው ቢጫውን ጠርገው፣ በረዶ ጨምረው ለእኛ ሸጡት።

ኃላፊው ልጁን በእጁ ገፋ አድርጎ ካርዱን ከሽቦው ላይ በጠሰና የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ባለቤቴ ስልኳን እስክታወጣ አለቀ። ካርዱን አሳየኝ ስለው ዓይኔን እያየ "የምን ካርድ?" አለኝ። ሜካኒኩን አየሁት፣ ልጁ አንገቱን ደፋ። አልፈርድበትም፣ እንጀራው ነው። ኃላፊው ቢሮ ገብቶ የፈረምኩትን ወረቀት ይዞ ተመለሰ፣ ጣቱን "አዝ ኢዝ" የሚለው ላይ አሳርፎ "ባለበት ሁኔታ ነው የገዛኸው። ማስቀየር ከፈለግህ ከነሥራው 2,300 ዶላር ነው። ካልሆነ ኩለር ግዛ፣ ካምፒንግ ማለት እኮ እሱ ነው" አለኝ። የእናቴን መድኃኒት ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። ሻጩ፣ ያ "ማይ ፍሬንድ" ባዩ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያየናል። ቀና ብሎ ሰላም እንኳ አላለንም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያቃጥለኝ አንድ ነገር አለ። የልጆቼ ድርብ አልጋ ከዚያ ፍሪጅ ጎን ነው። የሚያፈስ ቱቦ ሃይድሮጂንም ያወጣል፣ ሃይድሮጂን ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉ ደግሞ እዚያው ሥር ነው የሚነደው። በዚህ ዓይነት ፍሪጅ እሳት ተነስቶ አምራቾች ብዙ ፍሪጅ ለእርማት የጠሩበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። እያወቁ ለልጆቼ ከረሜላ ሰጥተው፣ ልጆቼ እዚያ አልጋ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ እያዩ ቁልፉን አስረከቡን።

የምመክራችሁ አጭር ነው። ፍሪጁን ባዶውን፣ በረዶ ሳይኖርበት፣ ከሌሊቱ ጀምሮ በጋዝ ብቻ እንዲያሠሩላችሁ ንገሯቸው። ቴርሞሜትራችሁን ውኃ የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ከታችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ከ40 በላይ ካነበበ ተዉት። የአየሩ ንባብ በር በተከፈተ ቁጥር ይቀያየራል፣ ውኃው ግን እውነቱን ይነግራችኋል። ከውጪ ያለውን መዝጊያ አስከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ቢጫ ዱቄት ወይም የተጠረገ ምልክት ካለ፣ ወይም አሞኒያ ከሸተተ፣ ያኔውኑ ከግቢው ውጡ። እዚያው ስትቆሙ ስልካችሁ በእጃችሁ ይሁን፣ ቪዲዮው ይብራ። ከተቻለ ከእነሱ ጋር የማይሠራ መርማሪ ከፍላችሁ አምጡ። በቃል "ይሠራል" ያሉትን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። መድኃኒት ያለበት ሰው ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ ለኢንሱሊኑ ለብቻው ትንሽ የኮምፕረሰር ፍሪጅ ያዙ፣ ከመኪናው ባትሪ ይሠራል፣ መንገዱ ቢያጋድልም ግድ የለውም።

አቤቱታውን ለግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ። "አዝ ኢዝ" የሚለው ፊርማ እያወቁ ጉድለት ለደበቁበት ማምለጫ እንዳይሆን እከራከራለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ዲለር ካምፐር ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ "የስጦታ በረዶ" ያገኛችሁ፣ ወይም ጀርባውን ስታስከፍቱ የተጠረገ ቢጫ ያያችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ፎቶና የግዢ ወረቀት ካላችሁ አያይዙት፣ ከእኔ ጋር አብሮ ይቀርባል።