የሽላፍላቦሯን እህታችንን አመስግኑልኝ

ጀርመን ያላችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የምጽፈው አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ሽላፍላቦር (የእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል) ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት። በእንቅልፍ ሰዓት ጭንቅላት ላይ ደካማ ኮረንቲ ሲሰጥ ከባዱ እንቅልፍ ይጠነክራል ወይ የሚል ጥናት ላይ ተሳትፌ ነው ያገኘኋት።

ኮረንቲ ሲባል እናቴ በስልክ "ልጄን ምን ሊያደርጓት ነው?" ብላ አልቅሳለች። እህታችን ግን ስልኩን ተቀብላ "እማማ፣ አይዞዎት፣ እኔ አጠገቧ ነኝ" ብላ ራሷ አረጋጋቻት። ይሄ ሥራዋ አልነበረም!

ለኔም ቁጭ ብላ በአማርኛ አስረዳችኝ። ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ስንገባ የአንጎል ሴሎች አብረው ንቁ፣ አብረው ዝም እያሉ ቀርፋፋ ሞገድ ይሠራሉ፣ መሣሪያውም ያንን ምት ለማገዝ በሰከንድ አንዴ እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚል ኮረንቲ ይልካል። እዚሁ ጀርመን፣ ሉቤክ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ሊዛ ማርሻልና ያን ቦርን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት 13 ተማሪዎች ላይ በ0.75 ኸርዝ ሞክረውት፣ ተማሪዎቹ ማታ ያጠኑትን ጥንድ ጥንድ ቃል ጠዋት ላይ ኮረንቲ ካልተሰጣቸው ሌሊት በተሻለ አስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከደገሙት ውስጥ ግን ያንኑ ውጤት ያገኙም ያላገኙም አሉ። ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችኝ፣ እዚያው የምትሠራ ሰው ሆና ማለት ነው፣ እኔ በጣም ያከበርኳት በዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን ግንባር ላይ የሚታሰር ዕቃ ልግዛ ወይ ስላት "መጀመሪያ ታንኮራፊ እንደሆነ፣ ትንፋሽሽ ይቆራረጥ እንደሆነ ይታይ፣ እሱ ካለ ኮረንቲ መፍትሔው አይደለም" አለችኝ። የሚጥል በሽታ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ጥናቱ ውስጥ ጭራሽ እንደማይገባም አጥብቃ ነግራኛለች።

ደግሞ ፀጉሬ! ሹሩባ ነበርኩ። ሌላ ቦታ "ፍቺውና ነይ" ይባላል። እሷ መስመር መስመሩን ተከትላ፣ አንድም ሳትፈታ ሽቦዎቹን ለጠፈች፣ ጠዋት ደግሞ ማጣበቂያውን በሞቀ ውኃ አጥባ አስለቀቀችልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ዕድሜና ጤና!

እንቅልፍ አልጠግብ ያላችሁ፣ በተለይ ሽፍት የምትሠሩ፣ ከሀውስአርትስታችሁ (ከቤተሰብ ሐኪማችሁ) ኡበርቫይዙንግ (የሪፈር ወረቀት) ተቀብላችሁ ብትታዩ ጥሩ ነው። ስሟን ፈቃዷን ሳልጠይቅ እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ቀን ቀን ስለምትተኛ መልሷ ወደ ማታ ነው የሚመጣው።