ከሙዮኒዮናሉስታ የተቆረጠ የብረት ሜትሮይት፦ ጥለቱ ድንቅ፣ አያያዙ አስቸጋሪ

በሰሜናዊ ስዊድን በ1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከተገኘው የሙዮኒዮናሉስታ ሜትሮይት (ከጠፈር የወደቀ ብረት) በስሱ ተቆርጦ፣ ተወልውሎና በአሲድ ታጥቦ የቀረበ ቁራጭ ገዝቻለሁ። ሻጩ የላከው ከፎቶግራፉ ያማረ ነው፤ ከዕቃው ጋር የመጣው መግለጫ ግን ዋናውን ጉዳይ ዘልሎታል።

ቁራጩን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ቀጫጭን ሰንበሮች እርስ በርስ እየተቋረጡ ይወጣሉ፤ ጥቂት ሲያዞሩት ያበሩት ይደበዝዛሉ፣ የደበዘዙት ያበራሉ። ሁለቱም የብረትና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፦ ሰፋ ያሉት ኒኬል ያነሰባቸው የካማሳይት ንጣፎች ሲሆኑ፣ ዳር ዳራቸውን እንደ ክር የሚከተሉት ኒኬል የበዛባቸው ቴናይቶች ናቸው፤ አሲዱ ካማሳይቱን ቀድሞ ስለሚበላው ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። ዊድማንሽታተን የሚባለው ይህ ጥለት የተፈጠረው በአስትሮይድ (ፀሐይን በሚዞር ከፕላኔት ያነሰ አካል) ውስጥ የነበረው ብረት በሚሊዮን ዓመታት ሂደት ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ በመሆኑ፣ በዚህ መጠን አስመስሎ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ለእኔ ዋጋውን የሚያስከፍለው ይህ ነው።

መግለጫው «ደቃቅ ኦክታሄድራይት፣ ምድብ ፎር ኤ» ይላል፤ ትክክል ነው። ኦክታሄድራይት የሚባለው እንዲህ ያለ ጥለት ያለው የብረት ሜትሮይት ነው፤ «ደቃቅ» የሚለው ከንጣፎቹ ስፋት የመጣ ሲሆን፣ ምድቡ የሚለየው ግን እንደ ጋሊየም፣ ጀርማኒየምና ኢሪዲየም ባሉ በጥቂቱ በሚገኙ ንጥረ ነገሮች መጠን ነው። የዚህ ሜትሮይት ኒኬል 8 በመቶ ገደማ ነው። ኒኬሉ ከ6 በመቶ በታች ሲሆን ሄክሳሄድራይት፣ በጣም ሲበዛ ደግሞ በናሚቢያ እንዳለው 60 ቶን ገደማ የሚመዝን ሆባ አታክሳይት ይሆናል፤ ሁለቱም ይህ ጥለት ስለማይታይባቸው፣ ጥለት የሚፈልግ ሰብሳቢ ይለፋቸው።

መግለጫው የዘለለው ዝገቱን ነው። ይህ ብረት ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን አስቀድሞ ወድቆ በእርጥብ አፈር ውስጥ የኖረ ስለሆነ፣ በስንጥቆቹ የገባው ክሎሪን ከተወለወለ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል፤ በእኔም ቁራጭ ጠርዝ ላይ፣ ከአንድ የትሮይላይት (የብረትና የድኝ ውህድ) እንክብል አጠገብ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ብሏል። እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በተዘጋ ሣጥን ማኖር፣ በስሱ ዘይት መቀባትና በባዶ እጅ አለመንካት ግድ ነው።

የዚሁ ምድብ አባል የሆነው የናሚቢያው ጊቤዎን ዝገትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ሆኖም አገሪቱ ከግዛቷ እንዳይወጣ ስለከለከለች፣ ቀድሞ የወጣ ለመሆኑ ማስረጃ የሌለውን መግዛት አልመክርም። በየካቲት 12 ቀን 1947 (እ.ኤ.አ.) በሩሲያ የወደቀው ሲኮቴ አሊን ደግሞ ንጣፎቹ እጅግ ሰፋፊ ስለሆኑ በትንሽ ቁራጭ ላይ ጥለቱ አይለይም፤ እርሱን ሳይቆረጥ፣ በጣት የተጫኑ ከሚመስሉት ጎድጓዶቹ ጋር መያዝ ይሻላል። ሙዮኒዮናሉስታን የመረጠ ሰው ከመክፈሉ በፊት የጠርዙን የቅርብ ፎቶግራፍ ይጠይቅ፤ ቁራጩ መቼ እንደታጠበና በምን እንደተቀባም ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበል።