ልደታ አቤቱታ ለሚጽፉት ጋሼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ሰላም እናቶች፣ ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል ግን ስራውም ልጆቹም አላስቀምጥ ብለውኝ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የሚጽፉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ስምዎን ልጻፈው ወይ ስላቸው "ተይው ልጄ" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ብዬ ልለፈው።

ከልጆቼ አባት ጋር ከተፋታን ሁለት አመት ሊሞላን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሲሻው ሁለት ሺህ ብር ይልካል ሳይሻው ምንም፣ ስደውል አያነሳም፣ በኋላ ሽማግሌ ተሰበሰበና ልጆቹ አንቺ ጋር ይሁኑ ቀለብ ግን እንዳትጠይቂ የሚል ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሉኝ። ልጆቼን እንዳይወስድብኝ ፈርቼ ልፈርም ነበር፣ እውነቴን ነው እስክሪብቶውን ይዣለሁ። እህቴ ናት መጀመሪያ ሰው እናማክር ብላ እየጎተተች እሳቸው ጋር የወሰደችኝ።

ጋሼ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ ገንዘቡ ያንቺ ቢሆን ትተይለት ነበር፣ ይሄ ግን የልጆቹ ነው፣ የነሱን እንዴት አድርገሽ ትፈርሚለታለሽ" አሉኝ። እዛው በርጩማው ላይ አለቀስኩ።

ከዛ እኔ የበደለኝን ሁሉ ልዘረግፍ ስጀምር ዝም ብለው ሰሙኝና መጠየቅ ጀመሩ። ጠዋት ምን በልተው ነው የሚወጡት? ትንሹ ወተት ይጠጣል? ትምህርት ቤት በሰርቪስ ነው በታክሲ? የትልቋ የአስም ፓፍ በስንት ጊዜ ያልቃል? ግማሹን መመለስ አቃተኝ፣ እናታቸው ሆኜ ቆጥሬው አላውቅማ! ደብተር ግዢና ለአንድ ወር እያንዳንዱን ጻፊ ደረሰኝ ያለውን ከነደረሰኙ አምጪ አሉኝ። ህጉ ቀለብ ሲል እንጀራ ብቻ አይደለም፣ መኖሪያውም ልብሱም ህክምናውም ትምህርቱም አለበት፣ ዳኛዋ የምታየው የልጆቹን ፍላጎትና የአባትየውን አቅም ነው እንጂ ያንቺን ንዴት አይደለም ብለው ሶስት ገጽ ስድቤን ወደ አንድ ገጽ ተኩል አሳጠሩት።

እሱ ደግሞ መልስ ሲሰጥ ስራ የለኝም አለ፣ ሚኒባሱም የወንድሜ ነው አለ። ጋሼ ግን ይሄን ቀድመው አስበውበት የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ መንገድ ትራንስፖርት እንዲገልጽ ይታዘዝልን ብለው ጽፈው ነበር፣ ፍርድ ቤቱም አዘዘ፣ መልሱ ሲመጣ በራሱ ስም ነው። ለሁለቱ በወር 7,000 ብር ተወሰነልኝ፣ በባንክ አካውንት እንዲገባ፣ እሱም እሁድ እሁድ ልጆቹን እንዲያይ። እሁዱን እኔ አልፈለግኩም ነበር እሳቸው ናቸው የቆጡኝ፣ ቀለቡም የልጆቹ ነው አባታቸውን ማየቱም የልጆቹ ነው አሉኝ። አሁን ትንሹ ቅዳሜ ማታ ጫማውን አልጋው ስር አዘጋጅቶ ነው የሚተኛው።

አንድ ወር ሳይከፍል ሲቀር ደግሞ ዝም አትበዪ ብለው አፈጻጸም፣ ማለት ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንዲያስፈጽምልኝ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ጻፉልኝ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ውዝፍ ቀለብ ሳይጠየቅ ሶስት ወር ካለፈው ለኑሮ የግድ ማስፈለጉን ማስረዳት ካልቻላችሁ ሊቀርባችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ነገ ያስገባል ከነገ ወዲያ ያስገባል እያላችሁ አትጠብቁ።

ጋሼ ጠበቃ አይደሉም፣ ችሎት አይቆሙላችሁም፣ ጉዳዩ ከከበደ ራሳቸው ጠበቃ ያዢ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር ሂጂ በነጻ ይረዱሻል ይላሉ እንጂ ገንዘብ ለማግኘት ብለው አይዙም። ለእናት ብቻም አይደለም የሚጽፉት፣ አንድ አባት ከስራ ተቀንሶ ቀለቡ ይሻሻልልኝ ብሎ ሲያስጽፍ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ፣ እኔን እንደጠየቁት ነው የጠየቁት፣ ልጁ ምን በልቶ ነው የሚወጣው ብለው።

ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆችዎን ይባርክልኝ። የምትፈልጓቸው ኢንቦክስ አድርጉልኝ ቦታውን በትክክል እነግራችኋለሁ። የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬትና የፍቺ ውሳኔ ካላችሁ ግልባጩን ያዙ፣ ከሰአት ወረፋው ስለሚበዛ ጠዋት ሂዱ።