ባክሎፌን ወይስ ዲያዜፓም? ከስትሮክ በኋላ ጡንቻው ለሚገተር ሰው

ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄድኩ ፊዚዮቴራፒ ስሠራ ከቤተሰብ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ባክሎፌን ተወደደ፣ ዲያዜፓም ግን ርካሽ ነው። ሁለቱም ጡንቻ ያላላሉ ከተባለ ለምን በርካሹ አንገላገልም?» መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም። ግን መድኃኒቱ ታማሚው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በየሳምንቱ አጠገባቸው ሆኜ አያለሁ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ገንዘባችሁን ለባክሎፌን አውጡ።

ዲያዜፓም ከ1963 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ የጭንቀት መድኃኒት ነው። ጡንቻን በእርግጥ ያላላል። ችግሩ ከጡንቻው ጋር ሰውየውንም ማላላቱ ነው። ጠዋት አንዲት እናትን ከወንበር መነሳት ሳለማምድ «እማማ፣ እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ደረትዎን ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ አሁን ይነሱ» እላለሁ። የመጀመሪያውን ይሰማሉ። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸው ይከደናል። ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት አንጎል መንገዱን እንደገና የሚማርባቸው ናቸው፤ የተኛ አንጎል ደግሞ አይማርም። ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበርስ? ያኔ የተቆጠበው ብር የት ይደርሳል? በዚያ ላይ ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፣ ማቆሙም ይከብዳል። በሌሊት መኮማተር እንቅልፍ ላጣ ሰው ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ቢያዘው ይገባኛል። ለቀን ግን አልወደውም።

ባክሎፌንም ያደነዝዛል፣ በተለይ ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር። ግን በዋናነት የሚሠራው አከርካሪ ውስጥ ባለው ነርቭ ላይ ስለሆነ፣ ቀስ ተብሎ ከተጀመረ አብዛኞቹ ነቅተው ይሠራሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ግትር እግራቸውን እንደ ምርኩዝ ቆመውበት የሚሄዱ ሰዎች አሉ። መጠኑ ሲጨመር ጉልበታቸው ድንገት ከታጠፈ «እየተሻላቸው ነው፣ ላላ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

አሁን ወደ ዋጋው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ብር አልጽፍላችሁም። ስሌቱን ግን ያዙ። የፓኬቱን ዋጋ እርሱት፣ የወሩን አስሉ። ባክሎፌን ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይጀመራል። ይህ የባለ 10 ሚሊግራሙ ግማሽ ፍሬ ነው፤ በወር 45 ፍሬ ይመጣል። 10 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ሲደርስ 90 ፍሬ፣ 20 ሲደርስ 180 ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር ዋጋ አይታችሁ «እንችላለን» አትበሉ። ፋርማሲው ላይ የ90 ፍሬውን ጠይቁ። ዲያዜፓምም ርካሽ የሚመስለው በማታ አንድ ፍሬ ሲቆጠር ነው። ቀኑን ሙሉ ጡንቻ እንዲያላላ ሲታዘዝ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ስለሚወሰድ በወር ከ90 እስከ 120 ፍሬ ይሄዳል። ልዩነቱ አለ፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። መጀመሪያ የአዲስ አበባ አስተዳደር የሆኑትን የከነማ ፋርማሲዎችና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ጠይቁ፤ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከግል ፋርማሲ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የማስቆጥራችሁ ባክሎፌን በድንገት ስለማይቋረጥ ነው። ብሩ አለቀ፣ ወይም ከገበያ ጠፋ ተብሎ ቢቆም መገተሩ ብሶ ይመለሳል፤ ቅዠት፣ መወራጨት፣ ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ቤተሰብ ሌላ ስትሮክ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ የሁለት ሳምንት ሲቀር ፍለጋ ጀምሩ። ካልተገኘ ሳያልቅ ሐኪሙ ጋ ሂዱ፣ ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል። ዲያዜፓምም ቢሆን ከቆየ በኋላ በአንድ ቀን አይተውም።

ሲጠፋ ደግሞ ዘመድ በሻንጣ ይልካል። እዚህ ላይ ሚሊግራሙን ሳታዩ አንድም ፍሬ አትስጡ። እዚህ የለመድነው ባለ 10 ነው። ከአሜሪካ ባለ 20፣ ከአውሮፓና ከገልፍ ባለ 25 ሊመጣ ይችላል። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ አንድ አንድ» የተባለ ሰው ባለ 25ቱን በዚያው ልማድ ከወሰደ 30 የነበረው 75 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ የባሰ ነው፤ ባክሎፌን በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነው።

በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ የሚሸጠውንም አትግዙ። ስሙ፣ ሚሊግራሙና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ያለው ማሸጊያው ላይ ነው። አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ማሸጊያ የሌለው ፍሬ ገዝተው ይሰጡ ነበር። እግሩ ምንም አልላላም። አልሠራም ተብሎ መጠኑ ተጨመረ፣ እንደገና ተጨመረ። ከዚያ ማሸጊያው ያልተነካ ትክክለኛ መድኃኒት ተገኘና በዚያው በተጨመረው መጠን ቀጠሉ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተኙ፣ ምግብ ለመዋጥ እንኳ ተቸገሩ። ርካሽ የተባለው ፍሬ ሆስፒታል አስገባቸው።

ቲዛኒዲን የሚባል ሦስተኛ አማራጭ አለ። ደም ግፊት ስለሚያወርድ፣ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ደግሞ በፍጹም አይወሰድም። እኛ ጋ ይህ አንቲባዮቲክ ለታይፎይድም ለሽንት ቧንቧም ስለሚታዘዝ፣ ቲዛኒዲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትቀበሉ።

የተገተረው እጅ ብቻ ከሆነ ግን ሦስቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ቦቱሊነም (ቦቶክስ) መርፌ ጠይቁ። የተወጋውን ጡንቻ ብቻ ያላላል፣ እንቅልፍ አያመጣም፣ ወደ 3 ወር ይቆያል። ዋጋው ሲነገራችሁ ያስደነግጣል። ከአንድ ወር ሳይሆን ከ3 ወር የባክሎፌን ወጪ ጋር አስተያዩት፤ መርፌውን የሚወጋው ሐኪም ስንት ጡንቻ እንደሚወጋም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውን የሚወስነው የጡንቻው ብዛት ነው።