ጅማ የገዛሁት ግሎብ፦ ስለ ዋልታዎቹ ሽሚያ ምን ያሳያል?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ግሎቡን ግዙ፣ የግድግዳ ካርታውን ተዉት። በተለይ ስለ ግሪንላንድ፣ ስለ አርክቲክና ስለ አንታርክቲካ የሚወራውን ዜና በደንብ መረዳት የምትፈልጉ ከሆነ። ግሎቡም ግን የሚያናድድ ጉድለት አለበት፣ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ከትምህርቱ ርዕስ ውጭ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ በረዶ ሆኗል። "ቲቸር፣ አሜሪካ ግሪንላንድን ለምን ፈለገቻት?" "ቲቸር፣ ሰው በሌለበት ጦር ሰፈር ምን ይሠራል?" ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ በቃል ብቻ ግን አይመለሱም። ስለዚህ ሄርማታ አካባቢ ካሉት ስቴሽነሪዎች አንዱ ገባሁና ሁለት ነገር ገዛሁ። አንዱ በፕላስቲክ የተለበጠ ትልቅ የዓለም ካርታ ነው። ሌላው ውስጡ መብራት ያለው፣ ከጎን እስከ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግሎብ። ግሎቡ ከካርታው ሦስት እጥፍ ገደማ ይወደዳል።

ካርታው ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ጽሑፉም ከኋላ ወንበር ይነበባል። ለአፍሪካ ትምህርት ይበቃል። ወደ ዋልታዎቹ ስትሄዱ ግን ጉድ ነው። የተሳለው መርኬተር በሚባለው ዘዴ ስለሆነ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሄዳችሁ ቁጥር ሁሉም ነገር ይለጠጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች። እውነቱ ሌላ ነው፦ ግሪንላንድ 2.16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፣ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ብታህል ነው፣ አፍሪካ ደግሞ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የአርክቲክ ውቅያኖስ ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ጫፉ ላይ ተቆርጧል። ሩሲያና ካናዳ በአንድ ውቅያኖስ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ጎረቤቶች መሆናቸውን ከዚህ ካርታ ላይ ማንም ልጅ ሊያውቅ አይችልም። አንታርክቲካም ከታች የተዘረጋ ነጭ ጥብጣብ ሆና ቀርታለች።

ግሎቡ ላይ ይሄ ሁሉ ይስተካከላል። አንድ ነገር ሞክሩ። ክር ውሰዱና አንዱን ጫፍ ሳይቤሪያ ኖቮሲቢርስክ ላይ፣ ሌላውን ቺካጎ ላይ ያዙት፣ ከዚያ ወጥሩት። ክሩ አውሮፓንና አትላንቲክን አቋርጦ አይሄድም፣ ሰሜን ዋልታን ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። ክፍል ውስጥ ይሄን ሳሳይ ጸጥ አሉ፣ ከዚያ አንዷ ልጅ "ታዲያ ሚሳኤሉም በዚያ ነዋ የሚሄደው!" አለች። ልክ ናት። አሜሪካና ካናዳ ኖራድ የሚባለውን የጋራ የአየር መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ቁጠሩ) ያቋቋሙት ለዚህ ነው። ግሪንላንድ የዴንማርክ ግዛት ስለሆነች አሜሪካ በ1951 ከዴንማርክ ጋር ተዋውላ ሰሜን ግሪንላንድ ላይ የተከለችው ሰፈርም እስከ ዛሬ አለ። ድሮ ቱሌ ይባል ነበር፣ ከ2023 ወዲህ ፒቱፊክ ነው። ዋና ሥራው ሚሳኤልን ከሩቅ ማየት ነው።

አሁን ግሎቡን ትንሽ አዙሩት። ኮላ የሚባለው የሩሲያ ልሳነ ምድር ኖርዌይና ፊንላንድ አጠገብ ታገኙታላችሁ። የሩሲያ ሰሜናዊ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር ሴቬሮሞርስክ እዚያ ነው፣ ኒውክሌር የታጠቁት ሰርጓጅ መርከቦቿም ከዚያው አካባቢ ነው የሚነሡት። ወደ አትላንቲክ ለመውጣት በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በብሪታንያ መካከል ማለፍ አለባቸው። ሩሲያ ከሶቪየት ዘመን የተተዉ ሰፈሮችን እያደሰች ነው። ናጉርስኮዬ የሚባለው የአየር ሰፈሯ ከሰሜን ዋልታ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። በሌላው ወገን ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ኔቶ ገቡ። እናም ከስምንቱ የአርክቲክ አገሮች ሰባቱ የኔቶ አባላት ሆኑ፣ ስምንተኛዋ ሩሲያ ናት። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ ስምንቱ የሚገናኙበት የአርክቲክ ምክር ቤት በ1996 ሲመሠረት ወታደራዊ ጉዳይ እንዳይነካ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ሰባቱ ከሩሲያ ጋር መሥራት አቆሙ፣ ኋላ ላይ ሥራው በከፊል ቢቀጥልም መሣሪያው በሚበዛበት ቦታ ስለ መሣሪያ የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ የለም ማለት ነው።

ግሎቡ ጥሩ የሆነበት ሌላ ነገር ርቀት መለካት ነው። በዚህ መጠን ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ሕጉ አንድ አገር ከጠረፉ እስከ 200 የባሕር ማይል፣ ማለትም 370 ኪሎ ሜትር ድረስ ባለው የባሕር ሀብት ብቻውን እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ግሎቡ ላይ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በእርሳስ ከየጠረፉ ዘጠኝ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አስምሩና እዩት፣ መሐሉ ላይ ማንም ያልያዘው ሰፊ ባሕር ይቀራል። ጭቅጭቁ የዚያ ባሕር ወለል ላይ ነው። ወለሉ ከምድሬ የሚቀጥል ነው ብሎ ያስረዳ አገር ከ200 ማይል አልፎ ሊጠይቅ ይችላል። ሎሞኖሶቭ የሚባለውን የባሕር ውስጥ የተራራ ሰንሰለት ሩሲያም፣ ዴንማርክም በግሪንላንድ በኩል፣ ካናዳም የኛ ነው ብለው ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ማስረጃ አስገብተዋል። በ2007 ሩሲያውያን ከ4,000 ሜትር በላይ ወርደው ሰሜን ዋልታ ወለል ላይ የቲታኒየም ባንዲራ ተክለዋል። በሕግ ምንም አያስገኝላቸውም፣ ዓለም ሁሉ ግን አየው።

እንግዲህ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ግሎቡን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት በላይም በታችም ክብ የፕላስቲክ ክዳን አለው፣ እና ክዳኑ ዋልታዎቹን ይሸፍናቸዋል። ለካሁት፣ ከመሐሉ ወደ ዳር አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ መሬት ላይ ቢሆን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። ባንዲራው የተተከለበት ቦታ አይታይም። ሦስቱ አገሮች የሚጋፉበት የሎሞኖሶቭ መካከሉም አይታይም። የወጠርኩት ክርም ክዳኑ ላይ ይወጣና ይንሸራተታል። ከታች ደግሞ የአሜሪካ ጣቢያ ያለበትን ደቡብ ዋልታን ሸፍኖታል። ይህን ግሎብ የሠሩ ሰዎች ዋልታ ማለት ብሎን የሚታሰርበት ቦታ ነው ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፣ ዛሬ ግን ልጆቻችን የሚጠይቁት ስለዚያው ቦታ ነው። ብሎኑ በዊንች ይፈታል። ፈታችሁ ግሎቡን ብቻውን ፎጣ ላይ ካስቀመጣችሁት ከቀዳዳው በቀር ሁሉም ይታያል። እኔ አሁን የማስተምረው እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አንታርክቲካ ላይ ነው። አህጉሩን በቀለም ቆራርጠው ለሰባት አገሮች አከፋፍለውታል፦ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ፣ ቺሊ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድ፣ ኖርዌይ፣ ብሪታንያ። ለሚያየው ልጅ ያለቀለት ድንበር ይመስላል። አይደለም። በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲክ ውል እነዚህን ይገባኛል ባይነቶች ባሉበት አቁሟቸዋል፣ አላጸደቃቸውም፣ አልሻራቸውምም። የብሪታንያ፣ የአርጀንቲናና የቺሊ መስመሮች እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ግሎቡ ላይ ግን ተከፋፍለው በሰላም የሚኖሩ ይመስላሉ። አርጀንቲና በ1978 ኤስፔራንዛ በሚባለው ጣቢያዋ ሕፃን እንዲወለድ እስከማድረግ ሄዳለች፣ መሬቱ የኔ ነው ለማለት። ማንም ያልጠየቀው ሰፊ መሬትም አለ፣ እሱን ያው ነጭ ትተውታል።

ስለዚህ ውል ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከአርክቲክ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደንቅ ነው። ከ12ቱ የመጀመሪያ ፈራሚዎች ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። ጦር ሰፈር መሥራትና መሣሪያ መሞከር ክልክል ነው። አንዱ የሌላውን ጣቢያ ገብቶ መፈተሽ ይችላል። በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል አሜሪካና ሶቪየት ይሄን አብረው ፈርመዋል! ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ማዕድን ማውጣትን የሚከለክል ተጨማሪ ስምምነት በሥራ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ "በ2048 ውሉ ያበቃል" የሚሉ አሉ። አያበቃም። ከዚያ ዓመት በኋላ ስምምነቱ እንዲገመገም መጠየቅ ይቻላል፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው "አርክቲክስ ለምን እንደዚህ አልሆነም?" አሉኝ። አርክቲክ ውቅያኖስ ነው፣ ዙሪያውን ሰው የሚኖርባቸው አገሮች አሉ፣ ጦሩም ከድሮ ጀምሮ እዚያው ነው። አንታርክቲካ ላይ ግን ስምምነቱ የመጣው ጦር ሥር ሳይሰድባት በፊት ነው።

ስለ ዕቃው የቀረውን ባጭሩ። መብራቱ ጥሩ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ያው የለም፣ ባትሪ አይቀበልም። የወረቀቱ መጋጠሚያ ፓስፊክ ላይ ትንሽ ይታያል። እግሩ ቀላል ፕላስቲክ ስለሆነ በባጃጅ ስትወስዱት ጭናችሁ ላይ ያዙት። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፣ እኔ ዋና ዋናዎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፌ ለጥፌባቸዋለሁ።

የሱቁን ልጅ ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ክዳኑን ፈትቼ ልየው ስለው ቅር ሳይለው ዊንች አምጥቶ "ቲቸር፣ እንደፈለግህ እየው፣ ካልተስማማህ መልሰው" አለኝ። ሰሜን ዋልታን መሐል ላይ አድርጎ የሚያሳይ የግድግዳ ካርታ እንዲያመጣም ጠይቄዋለሁ። "ፈላጊ ካለ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ" ብሏል። ጅማ ያላችሁ መምህራንና ወላጆች ወደ ስቴሽነሪ ስትገቡ እናንተም ጠይቁ፣ በብዛት ከተጠየቀ ያመጡታል። ግሎቡን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑ የሚፈታ መሆኑን እዚያው አረጋግጡ፣ አንዳንዶቹ በማስቲሽ የተጣበቁ ናቸው።