ሁለተኛው ሐይቅ የት ነው? ጁፒተር ኖትቡክና የኮፒ ፔስት ጣጣ

ጁፒተር ኖትቡክን፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ እየጻፍክ እዚያው የምታስኬድበትን ፕሮግራም፣ ከተዋወቅኩት ቆየሁ፣ እወደዋለሁም። ሴል በምትባለው ሳጥን ውስጥ ኮድ ትጽፋለህ፣ ረን (አስኪድ) ትላለህ፣ ውጤቱ እዚያው ከሥር ይመጣል፣ ሰንጠረዡም ግራፉም አንድ ገጽ ላይ። ለዳታ ሥራ ከዚህ የሚመች አላየሁም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ኮከብ ያስቀነሰችውን ነገር ነው ዛሬ የማወራው። አንዱ ኖትቡክ ላይ የጻፍከውን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ፣ ስም ያለው የኮድ ቁራጭ) ሌላው ላይ ልጠቀም ስትል ጁፒተር ዝም ብሎ ያይሃል።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። የምሠራው አንድ ጅምላ አከፋፋይ ጋር ነው፣ የየወሩን ሽያጭ በከተማ በከተማ እየለየሁ ሪፖርት አወጣለሁ። ለእያንዳንዱ ወር አንድ ኖትቡክ አለኝ።

ችግሩ የከተማ ስም ነው። የሽያጭ ሠራተኞቹ አንዱ «ሐይቅ» ይላል፣ አንዱ «ሀይቅ»፣ አንዱ «ኃይቅ»፣ አንዱ «ሃይቅ»። ለእኛ አንድ ናት፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሙከራዬ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ» ይቀይራል። ግዕዙን ብቻ! ራብዑን ረስቼዋለሁ። «ኃይቅ» እና «ሃይቅ» ሾልከው አለፉ ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ ደርሼበት አስተካከልኩት፣ ደስ አለኝ፣ ቡና ጠጣሁ። ጥር ሲመጣ ግን አዲሱን ኖትቡክ የጀመርኩት የኅዳሩን ኮፒ አድርጌ ነበር። ከነስህተቱ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሪፖርቱን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ አንደኛው ሐይቅ ገብቶኛል። ሁለተኛው የት ነው? አርዲቦ ነው?»

አርዲቦ እዚያው ሐይቅ አጠገብ ያለው ሌላው ሐይቅ ነው። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ውስጤ እርር አለ። በዚያው ሳምንት ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው።

መጀመሪያ የፐርሰንት ምልክት ያላትን የ«ረን» ትእዛዝ ሞከርኩ። ከፊቷ የሌላውን ኖትቡክ ስም ትጽፋለህ፣ እሷም ያንን ኖትቡክ ከላይ እስከ ታች ታስኬደዋለች። ፈንክሽኑ መጣልኝ። ግን አብሮት ሁሉም መጣ፦ የኤክሴል ፋይሎቹን ማንበቡ፣ ግራፎቹ፣ ከዚያ ደግሞ በሁለቱም ኖትቡክ «ዳታ» ብዬ የሰየምኩት ተለዋዋጭ የጥሩን ዳታ ድራሹን አጥፍቶ በታኅሣሡ ተካው። አንድ ማንኪያ ስኳር ፈልገህ ጎረቤት ብትልክ ጎረቤትህ ከነቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ እንደመጣ ቁጠረው። ፈንክሽን ብቻ ላለበት ኖትቡክ ትሆናለች፣ ለሌላው አልመክርም።

ኖትቡኩን ቀጥታ ኢምፖርት ላድርገው፣ ማለትም በስሙ ጠርቼ ኮዱን ላስገባው፣ ብትልም እምቢ ይላል። የኖትቡክ ፋይል ውስጡ ጄሰን የሚባል የዳታ አጻጻፍ ነው፣ ፓይተን ደግሞ እንደ ሞጁል፣ ማለትም ኮዱ ተጠርቶ እንደሚገባ ፋይል፣ የሚያውቀው መጨረሻው ነጥብ ፒ ዋይ የሆነውን ተራ ፋይል ነው።

የሠራልኝም ይኸው ተራ ፋይል ነው። ፈንክሽኖቹን ከኖትቡኮቹ አውጥቼ አንድ የፓይተን ፋይል ውስጥ ከተትኳቸው፣ ከኖትቡኮቹ ጎን አስቀመጥኩት፣ ከዚያ በየኖትቡኩ አናት ላይ አንድ የኢምፖርት መስመር። በቃ። የፊደል ፈንክሽኑ ብቻ ሳይሆን የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይረውም ገባ። እሱ ራሱ ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት፣ ለምሳሌ 2015ን፣ አንዱ ኖትቡክ ላይ ያውቃል፣ ሌላው ላይ አያውቅም ነበር።

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አለው፣ አዲስ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት። ፋይሉን ታስተካክላለህ፣ ሴቭ ታደርጋለህ፣ ኖትቡኩ ላይ ኢምፖርቱን ደግመህ ረን ትላለህ፣ ምንም ለውጥ የለም። ፓይተን አንዴ የጫነውን ሞጁል በዚያው ከርነል (ከኖትቡኩ ጀርባ ኮዱን የሚያስኬደው ሞተር) ሁለተኛ ፋይሉን ከፍቶ አያነበውም፣ ሜሞሪ ላይ ያለውን ነው የሚሰጥህ። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፈንክሽኑን ስረግም ዋልኩ። መፍትሔው ወይ ከርነሉን ሪስታርት ማድረግ ነው፣ ወይ «ኦቶሪሎድ» የሚባለውን ተቀጥላ መጀመሪያ መጫንና ከዚያ ቁጥር 2 ላይ ማድረግ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሴል ከመሄዱ በፊት የተቀየረውን ራሱ ያነባል። ፍጹም አይደለም፤ አንድን ፈንክሽን ከፋይሉ ብታጠፋው እንኳ ቀድሞ ወደ ኖትቡኩ የገባው ስም እዚያው ይቀራል፣ ኮድህ ደህና ይመስልሃል፣ በማግስቱ ላፕቶፑን ስትከፍት ቀይ በቀይ ይሆናል። ስለዚህ ሪፖርት ከመላኬ በፊት ሁልጊዜ ከርነሉን ሪስታርት አድርጌ ሁሉንም ከላይ አስኬዳለሁ።

ኖትቡኮቹ የተለያየ ፎልደር ውስጥ ከሆኑስ? ፓይተን ጎኑ ያለውን እንጂ ጎረቤት ፎልደር ያለውን አይፈልግልህም። «ሲስ ፓዝ» በሚባለው፣ ፓይተን ሞጁል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ፣ አድራሻ መጨመር ይቻላል፣ ግን በየኖትቡኩ ያንኑ መስመር መለጠፍ እንደገና ኮፒ ፔስት ሆነ። እኔ ፋይሉን ትንሽ ፓኬጅ (የሚጫን የኮድ ጥቅል) አድርጌ በፒፕ፣ በፓይተን መጫኛው፣ «ኤዲተብል» በሚባለው መንገድ ጫንኩት። አንዴ ከጫንከው የትም ፎልደር ሆነህ ኢምፖርት ታደርጋለህ፣ ፋይሉን ስታርመውም እንደገና መጫን የለም።

ጉግል ኮላብን፣ በኢንተርኔት የሚሠራውን የጉግል ኖትቡክ፣ ለሚጠቀም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወደ ሴሽኑ ያስገባኸው ፋይል ሴሽኑ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጦ በየጊዜው ድራይቩን ማገናኘት ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሐረጎ ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ ኋላ እንደመቆም ነው። ኤንቢዴቭ የሚባለውን መሣሪያም አየሁት፣ ከኖትቡኩ ውስጥ የመረጥካቸውን ሴሎች ብቻ ወደ ሞጁል የሚያወጣ ነው፣ ሐሳቡን ወደድኩት፣ ለእኔ ዓይነቱ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን በሬ ሳይኖር ቀንበር መግዛት ሆነብኝ። ማሪሞ የሚባለው አዲሱ ኖትቡክ ከመነሻው ራሱን እንደ ፓይተን ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። እሱን ገና እየቀመስኩት ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ ሠራተኛ «ኮንቦልቻ» ብሎ ጽፎ አገኘሁ፣ ያውም እዚሁ ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ። ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ኖትቡኮቹን ደግሜ አስኬድኩ፣ የሁሉም ወር ተስተካከለ። ኃላፊው ሪፖርቱን ተቀብለው ወደ ሐይቅ መስመር በጣታቸው ወረዱ። አንድ ብቻ ናት።

«አርዲቦን አደረቅከው እንዴ?» አሉኝ።